ያልታጠበ ቀይ ሥር

ጡረታ ስወጣ የትምህርት ቤቱን ላብራቶሪ ቁልፍ የተረከበችኝ ልጅ ጽዮን ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው። እኔ የንብረቱን ዝርዝር እያነበብኩ፣ እሷ ምልክት እያደረገች፣ ውሃ የያዙት ጠርሙሶች ጋ ስንደርስ ሳቋ አመለጣት።

«ጋሼ ዘርጋ፣ ውሃ ላይም ‹ውሃ› ብለው ይጽፋሉ?»

«እጽፋለሁ።»

«ያውም በሁለት በኩል?»

«ከታችም አለ፤ ገልብጠሽ እይው» አልኳት።

ገለበጠችው። ከታችም ተጽፏል። «ውይ ጋሼ! እንዴት ያሉ ፈሪ ነዎት እባክዎ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች፤ የደፈረችኝ መሰላት። አልተቀየምኳትም። ፈሪ ነኝ። ሰው ሁሉ ጠንቃቃ ይለኛል፤ ትክክለኛውን ስም የጠራችው እሷ ናት። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ግን ለእናቴም አልሆንኩ፣ የእርድ ቀን ጥያት የሄድኩ ሰው ነኝ። የፍርሃቴን ምንጭ ያን ዕለት ልነግራት ፈልጌ ነበር። ምላሴ እምቢ አለኝ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ግን ወጣ፤ እንዴት እንደወጣ መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ ነው፤ ደርግ በወደቀ በዓመቱ ግድም። በአንድ ትምህርት ቤት በላብራቶሪ ረዳትነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የሚወራ የለም። አለቃዬ ጋሽ በየነ ይባል ነበር፤ ከምሥራቁ የጉራጌ ወረዳ የመጣ ኦርቶዶክስ፣ ጾም የማይገድፍ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ የማያወርድ ሰው። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። «አንተ በጾም ቀን ሥጋህን ብላ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የእኔን ሥርዓት ትጾማለህ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

ሥርዓቱ ብዙ ነበር። ፈሳሽ ሲቀዳ ወሬ የለም። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ጠርሙስ ደግሞ መጀመሪያ ስሙ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ይሞላል። አንድ ጊዜ ሞልቼ ልጽፍ ስል አየኝ። ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ያን ውድ አልኮል መታጠቢያው ላይ ደፋው። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ደብዳቤ የተጻፈበት አልኮል! «አሁን ወረቀቱን ለጥፍ» አለኝ። ባዶ ጠርሙስ ላይ ለጠፍኩ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደው የቀይ ሥሩን ሙከራ ነበር። ያ ለሰላጣ የምንቀቅለው ቀይ ሥር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቀለሙ በየሴሉ ውስጥ ተቋጥሮ ይኖራል። ሴሉን የከበበው ስስ ሽፋን ጤነኛ ከሆነ ቀለሙ አይወጣም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትጥለው ውሃው እንደጠራ ይቆያል። ውሃውን ስታሞቀው ግን ሽፋኑ ይላላና ቀለሙ መፍሰስ ይጀምራል፤ በጣም ሲሞቅ ውሃው ደም ይመስላል። አልኮልም፣ አሲድም፣ የልብስ ሳሙናም እንደዚያው ያደርጉታል። የወጣው ቀለም ተመልሶ አይገባም። ተማሪዎች የማያዩትን ነገር የሚያምኑት ይህን ሲያዩ ነው።

ቀይ ሥሩን እኩል እኩል አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ አልነበረንም። ጋሽ በየነ ከተሰበረ ሬድዮ አንቴና አንዷን ቱቦ አውጥቶ ጫፏን በሞረድ ስሎ ነበር። ቀይ ሥሩ ላይ ይተክላታል፣ ያዞራታል፣ እንደ ጣት ቀጥ ያለ ነገር ይወጣል። ያንን ማስመሪያ ላይ አስተኝቶ በአዲስ ምላጭ እኩል እኩል ይቆርጠዋል። ከዚያ ማጠብ ነው። ውሃው ይቀላል፣ ይደፋል፤ እንደገና ይቀላል፣ ይደፋል። የክፍል ደወል ተደውሎ እንኳ አይቸኩልም።

«ለምን ይሄን ያህል?» አልኩት አንድ ቀን፤ ክንዴ ዝሎ።

«ምላጭ የነካው ሴል ሁሉ ተቀዷል። አሁን የሚወጣው ቀለም የምላጩ ሥራ ነው፤ የሙከራው አይደለም። ካላጠብከው ይዋሽሃል» አለ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠቆመኝ፤ ይህን ሲያደርግ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። «ደግሞም ስማኝ። ቀይ ሥር ሽፋኑ መቁሰሉን ነው የሚነግርህ። ማን እንዳቆሰለው አይነግርህም። ሙቀት ይሁን፣ አሲድ ይሁን፣ የደነዘ ምላጭ ይሁን፣ ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ ታጥበዋለህ፤ የውሃውን ሙቀት እኩል ታደርጋለህ፤ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። ከሦስቱ አንዱን ካጎደልክ ያየኸውን ለማንም እንዳትናገር።»

ጥቂት ዓመታት አብሬው ሠራሁ። ከዚያ ማርታን አገባሁና ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። የሷ ሰዎች እዚያ ነበሩ።

የወልቂጤው ላብራቶሪ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረዥም ክፍል ነበር፤ በቀትር እንደ ምድጃ ይግላል። ርዕሰ መምህራን መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ሪፖርት ይወዳል፣ ሌላው ስብሰባ ይወዳል። ሁሉንም እፈራ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ግምገማውን ነው። የዚያን ዘመን ሠራተኛ ያውቀዋል። አዳራሽ ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ተነሥ ትባላለህ፣ አብሮህ ሻይ የሚጠጣው ሰው ጉድለትህን በዝርዝር ያነባል። በአንድ ግምገማ ማግስት ሥራውን ያጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ስብሰባ ሲጠራ የኋላውን ወንበር እመርጥ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ነበር፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። እጁ ላይ ምንጊዜም አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አለች፤ ከስግደት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ ይይዝባታል። ቀልደኛ ነው። ጠዋት ስገባ «ዘርጋ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታፈነዳብን ነው?» ይለኛል። «ቀይ ሥር» እላለሁ። «እሱማ ይበላል!» ይልና ይስቃል። በወልቂጤ የቧንቧ ውሃ አንዳንዴ ለሳምንት ይጠፋል። ያኔ አጣርቼ ካስቀመጥኩት ውሃ ማንቆርቆሪያውን እሞላለት ነበር። «ጌታህ ይስጥህ» ይለኛል። እንደዚህ ነበርን።

አንድ መስከረም ላይ የባዮሎጂ መምህሩ ከበዓል መልስ የቀይ ሥሩን ሙከራ በአሲድ ማሳየት እፈልጋለሁ አለኝ። የላብራቶሪው አሲድ ካለቀ ቆይቷል፤ አሲድን ከውሃ የሚለየው ሊትመስ ወረቀትም የለም። ባትሪ ከሚሞላ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጥቂት አሲድ ለመንኩና ሰጠኝ። ለመስቀል ወደ አገር ቤት የምንሄድበት ዕለት ነበር። እኛ ጴንጤዎች ደመራውን ባንለኩስም መስቀል ደርሶ ከተማ የሚቀር ጉራጌ የለም። ማርታና ልጆቹ ወደ አገና በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍረዋል፤ መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። እኔ ውስጥ ነኝ።

አሲዱን ከውሃ ጋር ቀላቀልኩት፤ በደንቡ፣ አሲዱን ወደ ውሃ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ጠርሙስ ውሃ ነበር። ሰባተኛ ጠርሙስ አነሣሁና አሲዱን ሞላሁበት። ወረቀቱንም ቆርጬ «አሲድ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሙጫው ግን ደርቋል። ጡሩንባው ይጮኻል። የሚኒባሱ ረዳት «ጋሼ፣ ጥለንህ መሄዳችን ነው!» ይላል። ወረቀቷን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፤ ሙጫ ፈልጌ እመለሳለሁ ብዬ። ወጣሁ። በሩ ላይ ጋሽ ሸምሱን አገኘሁት።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ውሃ ከጠፋ እንዳትቸገር፤ ቁልፉ አንተ ጋ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጠርሙሶች ውሰድ» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህች አፌ። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፣ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሄድን።

የእርዱ ቀን ማለዳ ነበር። ወንድሞቼ በሬውን ጥለውት እኔ እግሩን ልይዝ እጅጌዬን ስሰበስብ ከኪሴ ወረቀት ወደቀች። እናቴ አነሣቻት። ማንበብ አታውቅም፤ አገላብጣ አየቻትና «ምንድነው ልጄ? ክታብ ነው እንዴ? ጴንጤ ሆነህ!» ብላ በሰው ፊት ሳቀችብኝ። ተቀብዬ አየኋት። አሲድ ይላል።

ጠርሙሱ ታየኝ፤ ከስድስቱ ውሃ ጋር አንድ መልክ ሆኖ። ጋሽ ሸምሱ ቁልፉን ሲያዞር ታየኝ። ያኔ ሞባይል የለም። የእርድ ቀን መኪና የለም። የእርድ ቀን ከአባቱ ደጅ የሚወጣ ሰው ወይ ያበደ ነው ወይ ሰው የሞተበት። «ልሄድ ነው» አልኩ። እናቴ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ማርታ ተከትላኝ መጣች። ወረቀቷን አሳየኋት፤ ጫማዬን አመጣችልኝ።

የሄድኩበትን መንገድ ዛሬ ንገር ብባል መናገር አልችልም። በየእንሰቱ መሐል ሰው ይጠራኛል፣ «ግባ፣ ቅመስ» ይለኛል፤ እኔ በሩጫ አልፋለሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት ጠርሙስ፣ አንዱ አሲድ፣ ጋሽ ሸምሱ የቱን አነሣ? ጠጥቶት ይሆን? ጌታ ሆይ፣ ውሃ አይጥፋ። ጌታ ሆይ፣ ቧንቧው ይምጣ። አታት አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ደረሰብኝና በጫነው እንጨት ላይ ተንጠልጥዬ ወልቂጤ ገባሁ። ፀሐይ ከአናት አልፋ ነበር።

በሩ ላይ ጋሽ ሸምሱ ተቀምጧል። ሁለት ዓይን፣ ሁለት እጅ፣ ፈገግታው እንዳለ።

«ምነው ዘርጋ? ክትፎው ከወዲሁ አለቀ?» አለኝ።

ልስመው ምንም አልቀረኝ። «ውሃ ወስደሃል?» አልኩት፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«ከሄድክ ጀምሮ ቧንቧ ጠብ አላለም። ትናንት አንዱን ወሰድኩ፤ ጠጣሁም፣ ውዱእም አደረግኩበት። ጌታህ ይስጥህ።»

እንግዲያስ ያ ውሃ ነበር። አሲዱ ከቀሩት ስድስቱ አንዱ ነው። ገብቼ አየኋቸው። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው። የፈራሁት ነገር ያለፈ መሰለኝ። ለመምህሩ የገዛሁት ቀይ ሥር ጥግ ላይ ነበር። ከስድስቱ ጠርሙሶች በስድስት ቴስት ቲዩብ ቀዳሁ። ቀይ ሥሩን ቆረጥኩ፤ በአንቴናው አይደለም፣ በደነዘ ቢላዋ። አላጠብኩትም። ሰው የሚታጠብበት ውሃ በጠፋበት ቀን ቀይ ሥር ላጥብ? የውሃውን ሙቀትም አላየሁም። አንዱ ጠርሙስ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ሲያነድደው ውሎ ነበር፤ ስይዘው ለብ ብሎኛል፤ ልብ አላልኩትም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ጋሽ ሸምሱ ማንቆርቆሪያዋን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «የዐሱር ሰላት እየደረሰ ነው፤ ውሃ ስጠኝማ።»

«ቆይ፣ አንድ ጊዜ!»

ሁሉም ቲዩቦች ትንሽ ትንሽ ቀልተዋል። አንዱ ግን ከሁሉም ቀልቷል። ከመስኮቱ በኩል ያለው! «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። ከኪሴ ያችን ወረቀት አውጥቼ በክር አሰርኩበት፤ አሲድ። የቀሩት አምስቱ ላይ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። በመካከሉ ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ቢበዛ ሦስት። ከአምስቱ አንዱን አነሣሁና በእጄ ሰጠሁት። «ጋሽ ሸምሱ፣ ይኸው ንጹሕ ውሃ፤ አትፍራ» አልኩት። ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ገለበጠው።

እንደ ደንቡ ደጅ፣ ከጣሪያው ክፍክፍ ሥር ቁጢጥ ብሎ እጆቹን ታጠበ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጌታን እያመሰገንኩ ነበር። ከዚያ አፉን ተጉመጠመጠ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ሰምቼ አላውቅም። ተፋው፤ አፉ ሲቃጠል ለመታጠብ ቸኮለ፤ በእጁ ያለው ውሃ ደግሞ ያው የማንቆርቆሪያው ነው። ፊቱ ላይ ከለበሰው። እኔ እስክደርስ በጉልበቱ መሬት ላይ ነበር።

«ውሃ! ዘርጋ፣ ውሃ!»

ሮጬ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ልገለብጥበት ስል እጄ ደረቀ። «ውሃ» ይላል፤ የሰጠሁትም «ውሃ» ይል ነበር። የገዛ ጽሑፌን ማመን አቃተኝና ጠርሙሱን ወረወርኩት። በጓሮ በኩል የዝናብ ውሃ የተጠራቀመበት፣ ትል የሚዋኝበት፣ አበባ የምናጠጣበት በርሜል ነበር። አንገቱን ይዤ ጎተትኩት፤ ፊቱን በርሜሉ ውስጥ ነከርኩት፤ አወጣሁት፤ ነከርኩት። «ዓይንህን ክፈት! ክፈተው በናትህ!» እያልኩ አለቅስ ነበር። ብዙ ውሃ፣ ረዥም ጊዜ ይል ነበር ጋሽ በየነ። ክንዴ እስኪዝል አጠብኩት። ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው መጡና ሐኪም ቤት ወሰድነው። ቀኝ ዓይኑ ተረፈ። ግራው አልተረፈም።

አመሻሽ ላይ ክፍሉን ልዘጋ ተመለስኩ። ስድስቱ ቴስት ቲዩቦች መደርደሪያው ላይ እንደቆሙ ነበሩ። «አሲድ» ያልኩት ቲዩብ ያችኑ ቅላቱን ይዞ ቆሟል፤ አልጨመረም። ለጋሽ ሸምሱ ከሰጠሁት ጠርሙስ የቀዳሁበት ግን ከላይ እስከታች ቀልቶ ብርሃን አያሳልፍም። ቀይ ሥሩ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ሳልጠብቀው ነው የሄድኩት። ዛሬ ሳስበው፣ ከየጠርሙሱ ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ባደርግ አረፋው ራሱ ይነግረኝ ነበር። ፍርሃት ይህን እንኳ አላሳሰበኝም።

ከበዓል መልስ ግምገማ ተጠራ። ጋሽ ሸምሱ ግራ ዓይኑ ታሽጎ ከፊት ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ «ጠርሙሱን ከየት አመጣኸው? ማን ሰጠህ?» አለው። ጋሽ ሸምሱ በቀረችው ዓይኑ ዞሮ ፈለገኝ፣ አገኘኝ። ላብ አጠመቀኝ። ልነሣ ነው፣ አሁን ልነሣ ነው እያልኩ ወንበሩን ጨብጬ ይዣለሁ።

«ማንም አልሰጠኝም። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» አለ።

አልተነሣሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ኖሯል። «ያለ ፈቃድ ከላብራቶሪ በመውሰድ» ተብሎ ተጻፈበት። ከዘበኝነቱ ተነሥቶ አትክልተኛ ሆነ፤ ከዚያው በርሜል እየቀዳ አበባ የሚያጠጣ። ማታ ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ በር ከፈተችልኝ። «ለምን እንደዚያ አልክ?» አልኩት። «ልጆችህን አይቻለሁ፤ የእኔ ልጆች አድገዋል» አለኝ። «አፉ በለኝ» አልኩት። «አፉ ብዬሃለሁ» አለ። ሚስቱ ውሃ አቀረበችልን። ብርጭቆውን አንሥቼ ለእሱ ላቀብለው እጄን ዘረጋሁ። «ጠጥቻለሁ» አለኝ።

ቡታጅራ ወርጄ ለጋሽ በየነ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቀይ ሥር አመጣ፣ ምላጭ አመጣ፣ ሳህን ውሃ አመጣ። «ቁረጥና እጠብ» አለኝ። አጠብኩ። ይደፋል፣ ሌላ ውሃ ይቀዳልኛል። ከሰዓቱን ሙሉ እንደ ጀማሪ አጠብኩ። ውሃው ጨርሶ መቅላቱን ሲተው እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«ስም የሌለውን ጠርሙስ ሰው ይፈራዋል፤ ስለዚህ አይነካውም። አንተ የውሸት ስም ሰጠኸው። አሁን ደግሞ በሰውየው ላይ የውሸት ስም ለጥፈሃል፤ ሌባ ብለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለህ እንዳትቀመጥ፤ ካላጠብከው አይጠራም። ሂድና ተናገር።»

«እሺ» አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሆነ። ሌላ ዓመት ሆነ። ልጆቼ ትምህርት ይጨርሱ አልኩ፤ ጨረሱ። ጋሽ በየነ ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር «ተናገርክ?» ይለኝ ነበር፤ መጨረሻ ላይ መጠየቁን ተወው። ከዚያ አረፈ። ቀብሩ ላይ አፈር ሳለብስ የማስበው አልተናገርኩም የሚለውን ብቻ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ሰላምታ አልነፈገኝም። ቀልዱንም አልተወውም። «ምን ልታፈነዳ ነው?» ይለኝ ነበር፤ አንገቱን በቀኝ ዓይኑ በኩል አዙሮ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከእኔ እጅ ውሃ አይወስድም። ውሃ በጠፋ ጊዜ ሞልቼ በር ላይ ሳስቀምጥለት ማታ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። የልጁ ሠርግ ላይ እጅ የማስታጠብ ተራ ደርሶኝ ስዞር፣ እሱ ጋ ስደርስ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። «ታጥቤያለሁ፤ እለፍ» አለኝ። ከሰው ሁሉ ፊት አለፍኩ። ከዚያ አደጋ ወዲህ ነው በየጠርሙሱ በሁለት በኩልና ከታች የምጽፈው፣ ሌሊት ተነሥቼ በሩን መቆለፌን የማስበው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እኔ ግን ከደረሰብኝም በኋላ መፍራቱን አልተውኩም።

ወደዚያ ዓርብ ልመለስ። የሽኝቱ ዝግጅት ላብራቶሪው ውስጥ ሆነ፤ ጽዮን ነች ያሰበችው። ጋቢ አለበሱኝ። ጡረታ የወጡትም ተጠርተው ነበር፤ ጋሽ ሸምሱ ከዘራውንና ማንቆርቆሪያውን ይዞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ይህችኛዋ ሰማያዊ ናት። አዲሱ ርዕሰ መምህር ተነሥቶ ሲያመሰግነኝ ቆየና እንዲህ አለ፦ «በአቶ ዘርጋ እጅ ይህ ላብራቶሪ አንድም አደጋ ሳይደርስበት ኖሯል።» ተጨበጨበ። ጋሽ ሸምሱም አጨበጨበ። ሁለት እጁን አንሥቶ ሲያጨበጭብ አየሁት።

ተናገር አሉኝ። ያች የድሮዋ ላብ መጣች። እንደ ሁልጊዜው ወንበር ፈልጌ ልጨብጥ ስል ቆሜ ነበርና የምጨብጠው አጣሁ።

«አንድ አደጋ ደርሷል» አልኩ። «የጋሽ ሸምሱን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን በእጄ ሰጠሁት። እሱ አልሰረቀም፤ ውሰድ ብዬዋለሁ። በግምገማው ሌላ ሲባል እያወቅሁ ዝም አልኩ።» ቀጥዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቷን፣ ሙጫውን፣ ያላጠብኩትን ቀይ ሥር። ጽዮን አፏን በእጇ ይዛ ነበር። ጨርሼ ስቆም ማንም አላጨበጨበም።

ጋሽ ሸምሱ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። ቀኝ ዓይኑን ወደ እኔ አዙሮ አየኝ።

«ዘርጋ» አለ፣ «እኔስ የጠፋብኝ አንድ ዓይን ነው። አንተ ይሄን ሁሉ ዓመት በሁለቱም ሳታየኝ ነው የኖርከው።»

አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ያለቅሳል ብዬ አላስብም ነበር። እሱ ቀስ ብሎ በወንበሮቹ መሐል መጣና ማንቆርቆሪያዋን ወደ እኔ ዘረጋት። ባዶ ናት።

«ዐሱር ደርሷል» አለኝ። «ሙላልኝ።»

ጽዮን ጠርሙስ ልታቀብለኝ ፈጥና ተነሣች፤ ሦስት ጊዜ «ውሃ» የተጻፈበትን። አልወሰድኩትም። ውጭ ወጥቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ እግዜር ይመስገን፣ ያን ዕለት ውሃ ነበር። ማንቆርቆሪያዋን ሞላኋት። ከዚያ ከራሷ ከማንቆርቆሪያዋ በመዳፌ ቀዳሁና፣ ዓይኖቼን ሳልጨፍን፣ ፊቴ ላይ አፈሰስኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከክፍክፉ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠበቀኝ። ቀረብኩ። እጅጌዎቹን ሰበሰበና ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ።